ቤዛዊትን ወርዶ ለተሳሰረ እግር ፎም ሮለር ይረዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ሮጠን እንመለሳለን። ሰኞ ላይ ጭኔና ባቴ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል። አንዱ ጓደኛዬ ፎም ሮለር (ጡንቻን ለማሸት የሚንከባለሉበት ድቡልቡል ጠንካራ ስፖንጅ) ገዝቶ «እስኪያስጮህህ ካልተጫንከው ስትሮጥ ጡንቻህ ውስጥ የተጠራቀመው ላክቲክ አሲድ አይወጣም» ይለኛል። እንዳለኝ ባደርግ ጭኔ በለዘ። እውነት የሚሠራው እንደዚህ ነው? ሰውነቴም ድርቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብዬ የእግሬን ጣት መንካት አልችልም። ለዚህስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስኪያስጮህ መጫኑን ዛሬውኑ ተው። መበለዝ ሰውነትህ በዛብኝ ማለቱ ነው። የላክቲክ አሲዱ ወሬም በየጂሙ ይነገራል እንጂ ልክ አይደለም፤ ሩጫህን ከጨረስክ በኋላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሰውነትህ ራሱ ያጠራዋል፣ ሰኞ ድረስ አይቆይም።

የሚያምህ ቁልቁለቱ ነው። ሽቅብ ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥርሃል፤ ቁልቁል ስትወርድ ግን የፊት ጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትህን ይይዛል፣ ልክ እንደ ባጃጅ ፍሬን። እንዲህ እየተለጠጠ ሲሠራ በጡንቻው ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፤ ሕመሙም ወዲያው ሳይሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚበረታው። ቅዳሜ ሮጠህ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደህና ቆመህ፣ ሰኞ ደረጃ ላይ ግድግዳ የምትይዘው ለዚህ ነው።

ሮለሩ ሕመሙን በመጠኑ ያስታግሳል። መገጣጠሚያህንም ያፍታታል፣ ግን ለአጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ለማይበልጥ። ለዚህ ይመስለኛል ከሩጫ በፊት የምወደው፦ ጡንቻን ለረጅም ጊዜ ወጥሮ መያዝ ጉልበትን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ሮለር ግን ጉልበት ሳይቀንስ ያፍታታሃል። «የጡንቻ ቋጠሮ ይፈታል» የሚሉትን ግን አልቀበልም። ነርቮችህ ግፊቱን ሲለምዱት ሕመሙ ይቀልልሃል፣ ጡንቻውም ዘና ይላል፤ ነገሩ በአብዛኛው ይኸው ነው፣ ስለዚህ መጨቆን አያስፈልገውም።

ከባትህ ጀምር። መሬት ላይ ተቀመጥ፣ ሮለሩን ከባትህ ሥር አድርግ፣ እጆችህን ከኋላ ደግፈህ መቀመጫህን ትንሽ አንሳ። ከተረከዝህ በላይ ጀምረህ በዝግታ ወደ ላይ ተንከባለል፤ ከጉልበት ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ጋ ከመድረስህ በፊት ግን ቁም፣ እዚያ የደም ሥርና ነርቭ አለ። የሚያም ቦታ ስታገኝ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እዚያው ቆይ፣ እየተነፈስክ የእግርህን መዳፍ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅስ። ለአንድ ጡንቻ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይበቃል። ሕመሙን ከ10 ብትለካው ከ5 ወይም ከ6 አይለፍ። ጥርስህን ከነከስክ ወይም ትንፋሽህን ከያዝክ በዝቷል፣ በእጅህ ክብደትህን ቀንስ። ከዳሌ እስከ ጉልበት በጭን ውጪ በኩል የሚወርደው ጠንካራ ጅማት ላይ ደግሞ አትልፋ፤ በመንከባለል አይረዝምም። ከእሱ ይልቅ የፊት ጭንህንና መቀመጫህን ሥራ።

ጣትህን መንካት የምትፈልግ ከሆነ ሮለሩ ብቻውን አያደርስህም። ከተንከባለልክ በኋላ የኋላ ጭንህን 30 ሰከንድ ወጥረህ ያዝ፣ ሁለት ሦስቴ ድገመው፣ በሳምንት ብዙ ቀን፣ ለሳምንታት። ቁልቁለቱን ደግሞ መጀመሪያ ላይ በእርምጃ ውረደው፣ ቀስ በቀስ ወደ ሩጫ። ጡንቻ የለመደው ቁልቁለት በሚቀጥለው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አያሳምመውም፤ ይህን ሮለር አይሰጥህም። ጥሩ ተኛ፣ በደንብ ብላ፤ በጾምም ቢሆን ምስርና ሽሮውን ጠንከር አድርገው። ከከባድ ሩጫ በኋላ ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ማታ ማታ ወገቤ ይያዛል። ልጄ በዚህ ሮለር ላይ ተኛበት ይለኛል። ልተኛበት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወገብዎ ላይ አይተኙበት። የታችኛው ወገብ እንደ ላይኛው ጀርባ የጎድን አጥንት አይደግፈውም፣ ሮለሩ ከሥር ሲገፋው ያለ ልክ ይቀለበሳል። የላይኛውን ጀርባዎንና መቀመጫዎን ግን ይችላሉ። ሮለር ባይኖርም የቴኒስ ኳስ በግድግዳና በመቀመጫዎ መሃል አድርገው ቀስ ብለው ይደገፉበት፣ ለብዙ ሾፌር ይህ ይበቃዋል። ተሳፋሪ ባጡ ቁጥር ወርደው ትንሽ ይራመዱ። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ሐኪም ይይዎት፤ ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረዎት ደግሞ ነገ አይበሉ፣ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከዘጌ ከመጣች ጀምሮ አንዱ ባቷ አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ያማታል። በሮለር ላሽላት?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። በሮለርም በእጅም እንዳትነኪው፣ ወጌሻም አትጥሪ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲሞቅና ሲያም ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት፤ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ደቂቃም አትቆዩ።