አንባቢ ይጠይቃል፦ የ15 ደቂቃው ዴይሊ 45 ደቂቃ ሲፈጅ

ጥያቄ፦ በስክረም (ሥራን በአጫጭር ዙር ከፋፍሎ በሚያስኬድ የቡድን አሠራር) የሞባይል መተግበሪያ የምንሠራ 9 ሰዎች ነን፤ ስፕሪንታችን፣ ማለትም አንዱ ዙር፣ የ2 ሳምንት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የምንጀምረው ዴይሊ (የየቀኑ አጭር የቡድን ስብሰባ) 15 ደቂቃ ነው ቢባልም ለ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው የምንነሣው። የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ሞክረን ነበር፤ ይጮኻል፣ እናጠፋዋለን፣ እንቀጥላለን። ምን ይሻላል? (ስክረም ማስተር፣ ማለትም የቡድኑ አሠራር አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሰዓት ቆጣሪ የሚረዳው ወሬ ሲበዛ ነው። የእናንተ ግን ሌላ ቦታ ማለቅ የነበረበት ሥራ ዴይሊው ላይ እየተደረበ ይመስላል። ለአንድ ሳምንት ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ የሚወራውን አንድ ሰው በአጭሩ ይመዝግብ። "ይህ ቲኬት ምን ለማለት ነው?" የሚል ስለ ቲኬት (ለብቻው ስለተመዘገበ አንድ ሥራ) ክርክር ከበዛ፣ ባክሎጉ (ገና የሚሠሩ ቲኬቶች ዝርዝር) ቀድሞ አልተጣራም፣ ግልጽ አልተደረገም ማለት ነው። ሁለት ዴቨሎፐሮች ሲከራከሩ ሰባቱ ስልካቸውን የሚነካኩ ከሆነ፣ ጉዳዩንና የሁለቱን ስም ቦርዱ (ቲኬቶቹ እንደ ደረጃቸው በዓምድ የሚደረደሩበት ሰሌዳ) ጥግ ላይ ጽፋችሁ እለፉ፤ ስብሰባው ሲያልቅ የሚመለከታቸው ብቻ ይቀራሉ። ሁሉም ፊቱን ወደ አለቃው አዙሮ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ዴይሊው ሪፖርት ማቅረቢያ ሆኗል።

ሒሳቡንም እዩት። 9 ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢናገር 13 ደቂቃ ተኩል አለቀ፤ አንድ ጥያቄ ከተነሣ ሰዓቱ አለፈ። ስለዚህ በሰው ተራ መዞሩን ትታችሁ ቦርዱን ተከተሉ፣ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ፣ ለመጠናቀቅ ከቀረበው ጀምሮ። "የይለፍ ቃል በኤስኤምኤስ መቀየር" የሚል ቲኬት "ቴስት" ዓምድ ውስጥ 4 ቀን ተቀምጧል እንበል። በሰው ተራ ስትዞሩ ዴቨሎፐሩ "ጨርሻለሁ፣ ሌላ ጀምሬያለሁ" ይላል፤ ቴስት የምታደርገው "የክፍያውን ገጽ እያየሁ ነው" ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ቲኬቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከቀኝ ስትጀምሩ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ጥያቄውም "ይህ ዛሬ እንዲያልቅ ምን ይጎድለዋል?" ይሆናል። መልሱ "የመሞከሪያው ሰርቨር ኤስኤምኤስ አይልክም" ከሆነ፣ አራት ቀን የባከነው በዚህ ነበር ማለት ነው።

"ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን እንቅፋት ገጠመኝ" የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ደግሞ ግዴታ አይደሉም። ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ በሚያዘጋጁት የስክረም መመሪያ የ2020 እትም ላይ ጭራሽ የሉም። የቀረው ዓላማው ነው፤ ወደ ስፕሪንቱ ግብ ምን ያህል እንደተጠጋን አይቶ የቀጣዩን 24 ሰዓት ሥራ ማስተካከል። ግብ ከሌላችሁና ስፕሪንቱ የማይገናኙ 20 ቲኬቶች ክምር ከሆነ ግን፣ በቦርድ ሄዳችሁም ስብሰባው ማጠሩን እጠራጠራለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ሳምንት ከዴይሊው ይቅሩና የቦርዱ ሊንክ ይላክላቸው። ዴይሊው የዴቨሎፐሮቹ ነው። ያጡት መረጃ ካለ ቦርዱ በየቀኑ አይታደስም ማለት ነውና መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የስፕሪንት ዕቅድ ሙሉ ቀን ይወስድብናል፤ ማታ ስንወጣ ሁሉም ደክሞታል፣ ያቀድነውም አያልቅም። (ፕሮዳክት ኦነር፣ ማለትም ምን ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስን፣ አዳማ)

መልስ፦ የመመሪያው ጣሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት 8 ሰዓት ነው፤ ለ2 ሳምንት በልኩ ሲታሰብ ከ4 ሰዓት በላይ መሄድ የለበትም። የተጣራ ባክሎግ ያለው ቡድን በ2 ሰዓት ይጨርሳል። ለማጣራት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ይመድቡ፣ ቀጣዩ ስፕሪንት ከመግባቱ በፊት። የቀድሞዎቹ የመመሪያው እትሞች ለዚህ ሥራ እስከ 10 በመቶ የቡድኑን ጊዜ ይፈቅዱ ነበር፤ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በነፍስ ወከፍ አንድ ቀን ማለት ነው። ብዙ ቡድን ግን ግማሹንም አይጠቀምበትም።

ዕቅዱ ላይ "ይህ ስፕሪንት ለምን ይጠቅማል?" በሚለው ይጀምሩ፤ ቲኬት መምረጥ ቀጥሎ፣ ወደ ሥራ መከፋፈል መጨረሻ ላይ ይመጣል። ብዙ ሰዓት የሚበላው በካርድ የሚደረገው ግምት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሥራውን ክብደት የገመተበትን ቁጥር በካርድ ያወጣል። አንዱ 5 ሌላው 8 ካወጣ አትከራከሩ፣ ትልቁን ይዛችሁ እለፉ። አንዱ 2 ሌላው 13 ካወጣ ግን ስለ አንድ ሥራ እያወራችሁ አይደለም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ያወጡት ብቻ ምክንያታቸውን ይናገሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ ካርድ ይውጣ። አሁንም ካልተቀራረበ ቲኬቱ ወደ ማጣሪያው ይመለስ።

ያቀዱት የማያልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው ቀን ባለመቁጠር ነው። ገናና ጥምቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይከታተላሉ፤ በዚያ ወቅት እንደ ጥቅምት አድርጎ ማቀድ ራስን መሸንገል ነው። 9 ሰው በ10 ቀን 90 የሰው ቀን አለው። አንድ የበዓል ቀን ብቻ 9ኙን ይወስዳል፤ የዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው ገና አልተቀነሰም።

ጥያቄ፦ ሬትሮ (ስፕሪንቱ ሲያልቅ አሠራራችንን የምንገመግምበት ስብሰባ) ላይ ማንም አይናገርም። "ሁሉም ጥሩ ነው" ተብሎ በ10 ደቂቃ እንበተናለን። ከስብሰባው ውጭ ግን ቅሬታው ሌላ ነው። (ቲም ሊደር፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ይሉኝታው በምክር አይነሣም፤ አሠራሩን መቀየር ነው የሚያዋጣው። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ የሚናገር አይኖርም። እርስዎ ከሆኑ ነጥብ ሞዪው፣ ስብሰባውን ሌላ ሰው ይምራው፤ እርስዎ ይቅሩ፣ ወይም የቡድኑ አባላት ከጠሩዎት መጨረሻ ላይ ይግቡ።

መናገር ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። 7 ደቂቃ በዝምታ፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ካርድ። በእጅ ጽሑፍ ከሆነ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃልና በኮምፒውተር፣ ስም ሳይኖረው ቢሆን ይሻላል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱ ሰው 3 ድምፅ ይስጥ። ብዙ ድምፅ ያገኘውን አንዱን ብቻ ውሰዱ፤ አምስት ጉዳይ የነካካ ሬትሮ አንዱንም አይፈታም። ውይይቱ ሲከፈት አዲስ የገቡት ይቅደሙ፣ አንጋፋው ዴቨሎፐር መጨረሻ ይናገር፤ እሱ ከተናገረ በኋላ ሌላው "እኔም እንደሱ ነው የማስበው" ይላልና።

ጥያቄው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ነገሩ ይሁን። "ማን ነው ያበላሸው?" ከሚባል፣ ደንበኛው ጋ የደረሰው ስህተት ኮድ ሪቪው (ኮዱን ሌላ ሰው ሲገመግመው) ላይ፣ ቴስት ላይ፣ ሲለቀቅ የት የት እንዳለፈ በሰዓት ቅደም ተከተል ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀዳዳው ራሱ ይታያል። መውጫው አንድ ውሳኔ ነው፤ የአንድ ሰው ስምና ቀን ተጽፎበት እንደ ማንኛውም ቲኬት ቀጣዩ ስፕሪንት ውስጥ ይገባል። "ኮሙኒኬሽናችንን እናሻሽል" የሚል ውሳኔ ግን አይጻፍ፤ ማንም አይሠራውም። ቀጣዩ ሬትሮ "ያ ነገር ምን ደረሰ?" በሚለው ይጀመር። ሁለት ጊዜ ምንም ካልተደረገ ሰው መልሶ ዝም ይላል፣ እውነት አለው።

ለ2 ሳምንት ስፕሪንት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሦስታችን ሜሪላንድ፣ አራቱ አዲስ አበባ ናቸው። ዴይሊው በየጊዜው ይዛነፋል፤ አንዳንዴም "10 ሰዓት" ስንባባል ግማሹ ሌላ ሰዓት ይመጣል። (ዴቨሎፐር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ መዛነፉ በዓመት ሁለቴ ነው። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን ስታስቀድም ልዩነቱ 7 ሰዓት ይሆናል፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ስትመልሰው 8። አዲስ አበባ አይቀየርም። ስለዚህ የካሌንደሩ ግብዣ በአዲስ አበባ የሰዓት ዞን ይፈጠር። ከቀኑ 10 ሰዓት ብትሉ እናንተ ጋ በአሜሪካ አቆጣጠር በበጋ ጠዋት 9፣ በክረምት 8 ሰዓት ይሆናል። በጋና ክረምት ስል የእናንተን ነው፣ የሐምሌውን ክረምት አይደለም። በቴሌግራም ስትጻጻፉ ደግሞ ባዶ "10:00" አትጻፉ፤ "ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማለትም 16:00" በሉ።

ዴይሊውን በጽሑፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዕቅድና ሬትሮን ግን አይቻልም፣ ቢያንስ ድምፅ ለድምፅ ይሁን። በጽሑፍ ከሆነ "ተቸግሬያለሁ" የሚል መልእክት ሥር በስሙ የተጠራ ሰው ይኑር። ለሁሉም የተጻፈን ችግር ሁሉም አንብቦ ያልፈዋል፤ ሜሪላንድ ሲነጋ አዲስ አበባ ወደ ቤቱ እየሄደ ነውና አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ሙሉ ቀን ይበላል።