«ኮሊታስ»፣ «ሞጆ»፣ «ኬ ሳን»፦ የሮክ ግጥም ጥያቄና መልስ

በእንግሊዝኛ የሮክ ዘፈን ውስጥ ያልገባችሁን ቃል ወይም መስመር ከነዘፈኑ ርዕስ ጠይቁ። ርዕሱ ከሌለ መልሱ ግምት ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ቃል በ1930ዎቹ ሚሲሲፒና በ1990ዎቹ ሲያትል ትርጉሙ ለየቅል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያለ ችግር አነባለሁ። የሮክ ግጥም ላይ ስደርስ ግን ቃሉን ሁሉ እያወቅሁት ሐሳቡ ያመልጠኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰምና ወርቅ ለምዶብን ያልገባን መስመር ሁሉ ወርቅ የተቀበረበት ይመስለናል። በሮክ ግጥም ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎድለን ሰሙ ራሱ ነው፦ የመንገድ ቁጥር፣ የመኪና ስም፣ የመሥሪያ ቤት ምህጻር፣ በአንድ አካባቢ ብቻ የሚነገር አባባል። ነገሩን ሳታውቅ ምሥጢሩን ብትቆፍር ራስህ የቀበርከውን ታወጣለህ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታይ ሁለት ጊዜ ስማና የሰማኸውን ጻፍ። ቀጥለህ ከአልበሙ ጋር የታተመ ግጥም ካለ እሱን ፈልግ፤ ድረ ገጽ ላይ ያለው አብዛኛው አድማጭ በጆሮው የገለበጠው ስለሆነ ስህተቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ከዚያ ዘፈኑ የወጣበትን ዓመትና የዘፋኙን አገር ያዝ። አሁን በትልቁ ፊደል የሚጀምሩትን ቃላት ለቅመህ አውጣ፤ ሰው፣ ቦታ ወይም የንግድ ስም ስለሚሆኑ ቶሎ የሚፈቱት እነሱ ናቸው። ተራ የሚመስሉትን ለመጨረሻ አቆይ። መዝገበ ቃላት ስትከፍት በመጀመሪያው ፍቺ አትርካ፤ የአራዳ ቋንቋ ወይም ጥንታዊ የሚል ምልክት ያለበትን እስክታይ ውረድ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ «እኔ» የሚለው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ዘፋኙ ራሱ ላይሆን ይችላል። ዘ ፖሊስ የተባለው ባንድ በ1983 ያወጣውን «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ» ሰዎች ለሠርግ ያስከፍቱታል፤ ተናጋሪው ግን ጥላው የሄደችውን ሴት እግር በእግር የሚከታተል ሰው ነው።

ጥያቄ፦ «ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» ስለ ዕፅ ነው ይባላል። በውኃ ላይ ያለው ጭስ የምን ምሳሌ ነው?

መልስ፦ የምንም። ዜና ነው። ዲፕ ፐርፕል በታኅሣሥ 1971 ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ከተማ የሄዱት አልበም ለመቅረጽ ነበር። በወሩ 4ኛ ቀን ካዚኖው ውስጥ የፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት እየተካሄደ ሳለ አንድ ተመልካች የምልክት ርችት መተኮሻ ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ፤ ቤቱ ተቃጠለ፤ ጭሱም በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ተነጠፈ። ግጥሙ ውስጥ «ፍሌር ገን» የሚለው ያ መሣሪያ ነው። «ፈንኪ ክሎድ» ሰዎችን ከእሳቱ ሲያወጣ የነበረው የሞንትሮ ጃዝ ፌስቲቫል መሥራች ክሎድ ኖብስ ነው። ብዙዎችን የሚያደናግረው «ሮሊንግ ትራክ ስቶንስ ቲንግ» ደግሞ ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ ሐረግ ነው፤ ሲስተካከል የሮሊንግ ስቶንስ የመቅረጫ መኪና ማለት ነው፤ ቀረጻውን ያካሄዱትም በዚያው መኪና ነበር።

ጥያቄ፦ በ«ሆቴል ካሊፎርኒያ» መጀመሪያ ላይ ያለውን «ኮሊታስ» የትኛውም መዝገበ ቃላት ላይ አላገኘሁትም። ሆቴሉስ የሰይጣን አምላኪዎች ቤት ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ላይ ያላገኘሽው ስፓኒሽ ስለሆነ ነው። ቀጥታ ትርጉሙ «ትንንሽ ጅራቶች» ሲሆን በሜክሲኮዎች አነጋገር የካናቢስ ተክል ጫፍ ላይ ያለውን አበባ ያመለክታል። በበረሃው መንገድ ላይ የሚሸተው እሱ ነው። የካሊፎርኒያ፣ የቴክሳስና የኒው ሜክሲኮ ዘፈን ላይ እንግዳ ቃል ካጋጠመሽ መጀመሪያ በስፓኒሽ ፈልጊ።

የሰይጣኑ ወሬ መሠረት የለውም። ኢግልስ በ1976 ባወጡት አልበም የሚናገሩት ስለ ሎስ አንጀለስ የተንደላቀቀ ኑሮና ሰው እንዴት ተይዞበት እንደሚቀር ነው። ከብዙ የሮክ ግጥሞች በተለየ ግን እዚህ እውነተኛ ኅብረ ቃል አለ። «ቲፈኒ» የኒው ዮርክ የጌጣጌጥ ቤት ነው፤ አእምሮዋ በቲፈኒ ተጠማዟል ማለት ሀብት አጣሟታል ማለት ነው። «መርሴደስ ቤንድስ» ሲሰማ የመኪናው ስም ይመስላል፤ ሲጻፍ ግን «ቤንድስ» ጠላቂ ዋናተኛ ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት ሲወጣ የሚይዘው በሽታ ነው። እንግዳው ወይን ጠጅ ሲጠይቅ አስተናጋጁ ከ1969 ወዲህ ያ «ስፒሪት» የለንም ይለዋል፤ ቃሉ ጠንካራ መጠጥም መንፈስም ነው። ወይን ከጠንካራ መጠጥ አይመደብም ብለው ለተቹት የባንዱ ዘፋኝ ዶን ሄንሊ ነገሩ ስለ መጠጥ እንዳልሆነ መልሷል። በብረት ቢላዋ የሚወጋው መስመር ውስጥ ያለው «ስቲሊ» ደግሞ ስቲሊ ዳን ለተባለው ባንድ የተላከ የወዳጅ ሰላምታ ነው።

ጥያቄ፦ የአር ኢ ኤምን «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» ስሰማ እናቴ ርዕሱን ጠየቀችኝ፤ ብነግራት ክህደት ነው ብላ ተቆጣች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትህን አረጋጋት። በአሜሪካ ደቡብ «ሃይማኖቴን ላጣ ነው» ማለት ትዕግሥቴ አለቀ፣ ከጨዋ ደንብ ልወጣ ነው ማለት ነው። ባንዱ የጆርጂያ ልጆች ናቸው። የ1991ዱ ዘፈን የሚያወራው መልስ ስለሌለው ፍቅር ነው።

ጥያቄ፦ «ሞጆ» ምንድን ነው? ብሉዝ ላይም ሮክ ላይም ደጋግሜ እሰማዋለሁ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ስለሸጠው ሰውም ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ከእኛዋ ሞጆ ከተማ ጋር ዝምድና የለውም። ሞጆ ክታብ ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ «ሁዱ» በሚባለው ባህላዊ ሥራይ ሥር፣ አጥንትና ሌላም ነገር በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ከልብስ ስር ይያዛል፤ ለፍቅር፣ ለቁማር፣ ለጥበቃ። የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዎተርስ በ1950ዎቹ ሞጆዬ ሠርቷል፣ አንቺ ላይ ግን እምቢ አለኝ ብሎ ሲዘፍን መስተፋቅሩን ማለቱ ነው። በ1954 በቀረጸው «ሁቺ ኩቺ ማን» ውስጥ የሚጠራቸው የጥቁር ድመት አጥንትና «ጆን ዘ ኮንከሩ» የተባለው ሥርም የዚያው ሥራይ ዕቃዎች ናቸው። የእንግሊዝ የሮክ ልጆች እነዚህን ቃላት ከሸክላው ላይ ሰምተው ወረሱ፤ በኋላ ሞጆ ወንድነት፣ ግርማ ሞገስ ወደሚል ተስፋፋ። የዘ ዶርስ «ሚስተር ሞጆ ራይዚን» ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ የጂም ሞሪሰን ስም የእንግሊዝኛ ፊደላት ተበውዘው የወጣ ስም ነው። በወረቀት ላይ ጻፉትና ቁጠሩት፣ አንድም ፊደል አይጎድልም።

ወደ መስቀለኛው መንገድ ስንመጣ፣ ነፍሱን ሸጠ የሚባለው የብሉዝ ዘፋኝ ሮበርት ጆንሰን ነው፤ በኅዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ የቀረጸውን የ«ክሮስ ሮድ ብሉዝ» ግጥም ራሱን አንብቡት። ሰይጣን የለበትም። ተናጋሪው ተንበርክኮ እግዚአብሔርን ምሕረት ይለምናል፤ መኪና ለማስቆም እጁን ያነሳል፣ የሚቆምለት የለም፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ አንድ ጥቁር ሰው ከጨለመ በኋላ በማያውቁት ቦታ ብቻውን መገኘቱ ለሕይወቱ ያሰጋው ነበር። የሽያጩ ተረት ኋላ ተለጥፎበት የዘፈኑን እውነተኛ ፍርሃት ሸፍኖታል፤ በእኔ ግምት ዘፈኑን አቅልሎታል።

ጥያቄ፦ «አይ ካንት ጌት ኖ ሳቲስፋክሽን» ሁለት አሉታ አለው። መምህራችን ሁለት አሉታ አዎንታ ይሆናል ብለውናል፤ ታዲያ ረክቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልረካም። የመንገዱ እንግሊዝኛ በተለይም የብሉዙ፣ አሉታን የሚደግመው ለማጥበቅ ነው። «ምንም አላገኘሁም» ስትል «ም»ንም «አል»ንም ትደራርብ የለ? እንደዚያው ነው። «ኤንት» የሚለውም ነኝን፣ ነውን፣ አለኝን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ቃል ነው፤ ሰዋስው እያሰብክበት ጊዜ አትፍጅ።

ጥያቄ፦ «ቦርን ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤ» አገር ማወደሻ አይደለም የሚሉ አሉ። አዝማቹ ግን ግልጽ ነው።

መልስ፦ አዝማቹን ብቻ ከሰማህ ማወደሻ ነው። በር የሚከፍቱልህ በስንኞቹ ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። «ሪፋይነሪ» የነዳጅ ማጣሪያ ነው፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሰው ወደ ድሮ ሥራው ሲሄድ «ሃይሪንግ ማን» ማለትም ቀጣሪው ይመልሰዋል። «ቪ ኤ ማን» የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እሱም አይረዳውም። «ኬ ሳን» በ1968 የአሜሪካ ጦር 77 ቀን ተከቦ የተዋጋበት የቬትናም ሰፈር ነው፤ የተናጋሪው ወንድም እዚያ ቀርቷል። እነዚህን ካወቅህ በኋላ አዝማቹን እንደገና ስማ፤ «እዚህ አገር ተወልጄ እንዲህ እሆናለሁ?» የሚል እሪታ ነው። ያልገባቸው ብዙ ናቸው። ሮናልድ ሬገን እንኳ በመስከረም 1984 ኒው ጀርሲ ላይ በምርጫ ቅስቀሳ ንግግሩ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ዘፈኖች የተስፋ መልእክት አላቸው ብሎ ጠቅሶ ነበር።

ጥያቄ፦ የሰማሁት ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ጆሮዬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ የእንግሊዞቹም ጆሮ ይስታል። የጂሚ ሄንድሪክስን «ኪስ ዘ ስካይ» ስንቱ «ኪስ ዚስ ጋይ» ብሎ ሰምቶታል፤ ሰማዩን ልሳም ያለው ሰውዬውን ልሳም ሆነ። ምክንያቱ የድምፅ መጠጋጋት ነው፤ በዘፈን ውስጥ የአንዱ ቃል መጨረሻ ከተከታዩ መጀመሪያ ጋር ይዋሐዳል። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርደህ በጆሮ ማዳመጫ ስማ፤ ከዚያ በታች ካወረድከው ድምፁ ስለሚጎተት መልሶ ይደበላለቃል። ያለ ባንድ በጊታር ብቻ የተዘፈነ ቅጂ ካለም እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» መሐል ላይ ያለው የስም መዓት ምንድን ነው?

መልስ፦ ግማሹን ታውቀዋለህ። «ቢስሚላህ» ያው ቢስሚላህ ነው፤ «ቢኤልዜበብ» በወንጌል የአጋንንት አለቃ የተባለው ብዔል ዜቡል ነው። «ስካራሙሽ» በድሮው የጣልያን የጭምብል ቲያትር ጉረኛና ፈሪ ገጸ ባሕርይ፣ «ፋንዳንጎ» የስፔን ጭፈራ። ደራሲው፣ የኩዊን ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ ግጥሙን ማብራራት አልፈለገም፤ ስለዚህ ምሥጢሩን ፈታሁ የሚላችሁን አትመኑ።

ጥያቄ፦ የዩ ቱ «40» መዝሙረ ዳዊት 40 ነው ተባልኩ። ዳዊቴን ከፈትኩ፣ ሌላ ነገር ነው።

መልስ፦ 39ን ክፈቺ። ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የሚከፍለውን መዝሙር የእኛ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ተከትሎ አንድ አድርጎ ስለሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል። «ማይሪ ክሌይ» የሚለው ያስቸገረሽም ረግረግ ጭቃ ነው። በሮክ ግጥም ውስጥ ያረጀ እንግሊዝኛ ካጋጠመሽ በ1611 የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ጠርጥሪ፤ የአማርኛውን ጥቅስ ስታገኚ ቃሉ ወዲያው ይፈታል።

ጥያቄ፦ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ለእኛ የተዘፈነው «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» ያናድደኛል። ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ደግሞ በእናንተ ፈንታ እነሱ በመሆናቸው ተመስገን ይላል!

መልስ፦ ንዴትህ በግማሽ ተገቢ ነው። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በ1984 የጻፉት ግጥም ዝናብም ወንዝም የሌለበት አገር ይለናል፤ የዓባይን ምንጭ አገር። ገናችንም ታኅሣሥ 29 ስለሆነ በእነሱ ገና ዕለት እኛ ጾም ላይ ነን። «ቻይምስ ኦፍ ዱም» የሚለው በእንግሊዝ የገና ደወልን ወደ መርዶ ደወል የሚገለብጥ ምስል ነው። ያ የምትጠላው መስመር ግን ምስጋና አይደለም፤ ጠግቦ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን አድማጭ በልብህ የምትለውን ልንገርህ ብሎ የሚወጋ ነው። በ2014 ዘፈኑ ለኢቦላ ሲታደስ ይህ መስመር ተቀይሯል።

ጥያቄ፦ በስልክ መተርጎሚያ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለስም ፍለጋ ይጠቅማል፤ ለመስመር አይሆንም። «ቤቢ»ን ሕፃን ይልሃል፤ ፍቅሬ ለማለት ነው። «ብሉ»ን ሰማያዊ ይልሃል፤ ሐዘን ነው። «ተርን» ከ«ኦን»፣ ከ«አዌይ» ወይም ከ«ዳውን» ጋር ሲሄድ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሁልጊዜ ከነተከታዩ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልገው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። የኒርቫና «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» የወጣትነት መንፈስ ይሸታል ማለት ነው?

መልስ፦ «ቲን ስፒሪት» ለወጣት ሴቶች የሚሸጥ የብብት ዲዮዶራንት ነበር። ካትሊን ሃና የተባለች ዘፋኝ ከርት ቲን ስፒሪት ይሸታል ብላ ግድግዳ ላይ ጻፈች፤ ከርት ኮቤይን የዓመፅ መፈክር መስሎት ርዕስ አደረገው። የዲዮዶራንት ስም መሆኑን ያወቀው ዘፈኑ በ1991 ከወጣ በኋላ ነው።