የክፍያ ዝርዝሩ በቴሌግራም ሲለጠፍ የልጄ ሕመምም አብሮ ወጣ

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ትማራለች። ክፍያ ያላጠናቀቁ ተማሪዎች ዝርዝር በኤክሴል ፋይል በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ተለጠፈ። ፋይሉ የተደበቁ ዓምዶች ነበሩት፤ ተገልጠው ሲታዩ የወላጆች ስልክ፣ የቤት አድራሻና የልጆች የጤና ማስታወሻ ወጣ። የልጄ አስም ሳይቀር ተጽፏል። ርዕሰ መምህሩ «ግሩፑን የከፈተው የአይቲ መምህር ስለለቀቀ ማጥፋት አንችልም» አሉኝ። በሕግ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ርዕሰ መምህሩ የሰጡዎት መልስ በሕግ አያስኬድም። መረጃውን የሰበሰበው ትምህርት ቤቱ ነው። አንድ መምህር በመልቀቁ ኃላፊነቱ አይለቀውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2129 ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት ድርጅቱን ተጠያቂ ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የተሰበሰበበትን ዓላማ አልፎ እንዳይውል ይከለክላል። ስልክዎንና ቀሪ ክፍያዎን መመዝገብ የትምህርት ቤቱ መብት ነው፤ ለሌሎች ወላጆች ማሳየት ግን አይደለም። የጤና መረጃ ከዚህም በላይ ነው፤ አዋጁ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ልዩ መረጃዎች አንዱ ነው።

ነገሩን የማከብደው ስለ ሐፍረቱ ብቻ አይደለም። የልጅዎን ስም፣ ክፍልና ቀሪ ክፍያ የሚያውቅ አጭበርባሪ ደውሎ «በቴሌብር አሁኑኑ ይላኩ» ቢል ብዙ ወላጅ ያምነዋል። ስለዚህ ክፍያ የሚጠይቅ ስልክ ቢደወልልዎ ዘግተው፣ እርስዎ በሚያውቁት የትምህርት ቤቱ ቁጥር መልሰው ይደውሉ።

ፋይሉ ከመሰረዙ በፊት ማስረጃ ይያዙ። የግሩፑ ስም፣ የለጣፊው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ያንሱ። ፋይሉን በስልክዎ ያስቀምጡት እንጂ ለማንም አያስተላልፉ፤ የሌሎችን ልጆች መረጃ ካሰራጩ እርስዎም ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፉ፤ በቃል ማመልከት አይበቃም። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ማህተምና ቀን ያስመቱ። ፋይሉ እንዲሰረዝ፣ ስለ ልጅዎ የተያዘው መረጃ ሁሉ እንዲገለጽልዎ፣ የጤና ማስታወሻው ለማን ክፍት እንደሆነ እንዲነገርዎ፣ የመረጃ ጥሰቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መነገሩን እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ። አዋጁ ለዚህ ማሳወቂያ 72 ሰዓት ነው የሚሰጠው። ልጅዎ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች፣ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት እንደ ሞግዚት እርስዎ በስሟ መጠየቅ ይችላሉ። መልስ ከተነፈገዎት ለዚሁ ባለሥልጣን አቤት ይበሉ፤ ግልባጩን ለአዲስ አበባ ትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ያስገቡ።

ፍርድ ቤትን በተመለከተ በግልጽ ልንገርዎ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሣን ከ1,000 ብር አያሳልፈውም፤ ጠበቃ ቀጥሮ ለዚህ ብቻ መመላለስ አያዋጣም። በተጭበረበሩት ገንዘብ ወይም በሌላ በማስረጃ በሚያሳዩት ጉዳት ከሆነ ግን ያዋጣል። አንቀጽ 2143 የሁለት ዓመት የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ስለሚያስቀምጥ ቀኑን አይርሱ።

ይህን መልስ ለትምህርት ቤቱም ያሳዩ፤ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር አለና። ስህተቱ የተፈጠረው ኤክሴል ላይ ዓምድን «መደበቅ» ማጥፋት ስላልሆነ ነው፤ ፋይሉ የደረሰው ሰው በአንድ ጠቅታ ይገልጠዋል። የሚፈለገውን ዓምድ ብቻ ወደ አዲስ ፋይል መገልበጥና በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይሻላል። የክፍያ ማስታወሻ ግን በፒዲኤፍም ቢሆን ግሩፕ ላይ አይለጠፍም፤ ለእያንዳንዱ ወላጅ በግል ይላካል። የጤና ማስታወሻም ከተማሪ ዝርዝር ወጥቶ ነርሷና የክፍል ኃላፊው ብቻ በሚያዩት ለብቻው መያዝ አለበት።

ግሩፑን በተመለከተ፣ መልእክት የመሰረዝ ፈቃድ ያለው ማንኛውም አድሚን ፋይሉን ከሁሉም አባላት ላይ ማንሳት ይችላል። ሌላ አድሚን ከሌለ የለቀቀው መምህር ተጠርቶ ባለቤትነቱን ያስተላልፍ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው የመምህሩ አካውንት የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ከተበራለት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ቢስማማ እንኳ ሳምንት ሊጠብቁ ይችላሉ። መምህሩ ካልተገኘ በትምህርት ቤቱ ስልክ ቁጥር አዲስ ግሩፕ ከፍቶ ወላጆችን ማዛወር ብቻ ነው የሚቀረው። ወላጆች አስቀድመው ያወረዱት ቅጂ ግን በየስልካቸው ይቀራል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሁሉም እንዲያጠፉት የሚጠይቅ ማስታወቂያ እንዲያወጣ በደብዳቤዎ ላይ ይጨምሩበት።