ዋዜማ ማታ ሽንኩርት የሚከትፈው ማነው?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ መልእክቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ገና ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት ከከተማው ዳር ዳር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጨ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ። መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን የሚበላባቸው ሰፈሮች ናቸው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬ እነሆ።

ሦስት ሰዎች የጠየቁት፦ ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለሚውል ሥጋ ይበላል ወይ?

ይበላል። ገና ረቡዕም ዋለ ዓርብ ይፈሰካል።

አንድ ወጣት ደግሞ፦ ገና አንዴ 28፣ አንዴ 29 የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር፤ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ዘንድሮ 2018 ስለሆነ ታኅሣሥ 29 ነው።

ከቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት ጠላ መጥመቅ አስበዋል። ጌሾውም ብቅሉም ቤት አለ። "አራት ቀን ይበቃኛል?" ይላሉ።

አይበቃዎትም። ጥንስሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ካልተጣለ ጉሽ ነው የሚያጠጡት። ጊዜው ካለፈ ከሚጠምቅ ጎረቤት ይግዙ፤ ነውር የለውም።

ከለገጣፎ አንድ አባወራ አምና ለበዓል የገዙት ቅቤ ሲነጠር ከሥሩ ገንፎ የመሰለ ነገር እንደቀረ ጽፈዋል። ዘንድሮ እንዳይታለሉ ምን ያድርጉ?

ቅቤ ውስጥ ሙዝም፣ የሚረጋ ዘይትም፣ ሌላ ሌላም የሚቀላቅል ነጋዴ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ይግዙ። ቤት ወስደው በትንሽ ድስት ያቅልጡት። ንጹሕ ቅቤ ሲቀልጥ ጥርት ይላል፤ ከታች የሚዘቅጠውም አይበዛም። የሚያጣብቅ ዝቃጭ ካዩ ወደዚያ ነጋዴ አይመለሱ። ጥሩ ከሆነ የቀረውን በማግሥቱ ይግዙ። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ጊዜ ሲኖር ነው። በዋዜማው ግፊያ መሃል ቆሞ ቅቤ የሚመረምር ሰው የለም፤ አታላዩም የሚጠብቀው ያንን ቀን ነው።

የስምንት ቤተሰብ ቅርጫ ሰብሳቢ የሆኑ ሰው ከሰንዳፋ መንገድ በኩል ጽፈዋል። ሰንጋውን የሚገዙት ከካራ ገበያ ነው። አምና ያመጡት በሬ ሌሊቱን ሣር አልነካም፣ ለሃጩም ይዝረበረብ ነበር። ደላላው በስልክ "መንገድ አድክሞት ነው፣ ጨው ስጡት" አላቸው። አርደው በሉት፤ ማንም አልታመመም። ዘንድሮ በሬ ሲመርጡ ምን ይዩ?

ሲመርጡ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አካሄዱን ይዩ። ጤነኛ በሬ ዓይኑ ንቁ ነው፣ አፍንጫው እርጥብ ነው፣ ሲቆም ያመሰኳል። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግዙና ውኃና ሣር እየሰጣችሁ ተከታተሉት።

አምና ስላደረጋችሁት ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ያልታመማችሁት ዕድል ሆኖ ነው። ሣር እምቢ ያለ፣ ለሃጩን የሚያዝረበርብ በሬ ሐኪም ሳያየው አይታረድም። የደላላ ቃል የሐኪም ቃል አይደለም። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፤ ስልኩን ከአሁኑ ፈልጋችሁ ያዙ። ስምንት ቤት ተካፍሎ የባለሙያውን ሒሳብ መክፈል ለማንም አይከብድም። በሬው ሳይታረድ በድንገት ከሞተ፣ በተለይም ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው ደም ከወጣ፣ ቢላዋ አታሳርፉበት፣ ቆዳውንም አትግፈፉ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አባ ሰንጋ ሥጋውን በመብላት ብቻ ሳይሆን በመግፈፍም ይይዛል፤ ሬሳው ከተከፈተ ደግሞ ተሕዋሱ አፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ከብቱን ለመግዛት የወጣው ገንዘብ ያሳዝናል፣ ይገባኛል። ሰው ግን አይተካም።

ጥሬውን የምትወዱም አትርሱ፤ ኮሶ የሚመጣው ከዚያው ነው። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች የእሷ ድርሻ በደንብ ይብሰል። አምሯታል ተብሎ ጥሬ አይሰጣት፤ የክትትል ሐኪሟም የሚነግራት ይህንኑ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የጋራ መጠቀሚያ ቤቱ፣ ኮሚናል የምንለው፣ የተሠራው ለዕርድና ለድግስ ጭምር ነው። ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ከሆነ ኮሚቴውን ከአሁኑ አነጋግሩ። ደረጃ ሥር እያረዱ ደሙንና ፈርሱን ወደ ፍሳሽ መስመሩ መልቀቅ በዓሉን ለመላው ብሎክ ማበላሸት ነው።

አሁን ወደ ረጅሙ ደብዳቤ። የጻፈችልኝ አንዲት እህት ከኮዬ ፈጨ ናት። ፋብሪካ ትሠራለች። ቤት የምትገባው ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቷ የበዓሉን ወጪ የሚሰጣት የዋዜማው ዕለት፣ ያውም ረፋድ ላይ ነው። አስፈቅዳ ከሥራ ትወጣና በተጠራላት ዋጋ ገዝታ ትመለሳለች። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ዶሮ ስትበልት፣ ቁሌት ስታማስል ይነጋባታል። አምና የባሏ ቤተሰቦች መጥተው ቡና እያፈላች ረከቦቱ ፊት እንቅልፍ ይዟት ሄደ። "ዕቁብ ብገባ ይሻለኝ ይሆን?" ትላለች።

ዕቁቡ ጥሩ ነው፣ ግቢ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ግን ገንዘቡ አላነሰም፤ የሚደርስሽ ዘግይቶ ነው። የዘገየ ገንዘብ ደግሞ ከዋጋውም ከጉልበትሽም ይወስዳል።

የዋዜማን ገበያ ታውቂዋለሽ። አንዷ በአንድ እጇ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥላ፣ በብብቷ ቄጤማ ሸጉጣ፣ በሌላው እጇ እንቁላል በፌስታል ይዛ ታክሲ ትጋፋለች። ያን ቀን የሚከራከር ገዢ የለም። ሻጩም ያውቀዋል። ደመወዝ ገብቶ፣ ጾሙ ሊፈታ አንድ ሌሊት ቀርቶ፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይፈልጋል። ዋጋ ቢሰቀል ምን ይገርማል?

ጾመ ነቢያት እኮ የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ከ40 ቀን በላይ አለን። ጾም የጸሎትና የምጽዋት ጊዜ ነው፤ ለቤት ዝግጅትም የተመቸ ነው። ቅቤና እንቁላል በጾሙ መሃል ፈላጊያቸው ይቀንሳል፤ ዋጋቸው ረገብ የሚለውም ያኔ ነው። እንቁላሉ ብዙ ስለማይቆይ ለመጨረሻው ሳምንት ተዪው። ቅቤውን ግን ቀደም ብለሽ ግዢ፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥሪና አስቀምጪው። በርበሬም እንደዚያው ነው። የማረቆና የአላባ አዲስ ዛላ በበጋው መግቢያ ገበያ ሲደርስ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ ሊያልቅ ይችላል። ቀይ ሽንኩርቱን ለሁለት ሳምንት የሚሆን ደረቅ ደረቁን መርጠሽ፣ ከፌስታል አውጥተሽ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ዘርጊው። ዘንድሮ ያለፈው አልፏል፤ የቀረሽን ቀን ተጠቀሚበት።

ለአንቺ የሚመቸው ቀን እሁድ ታኅሣሥ 26 ነው። ዋዜማው ማክሰኞ ስለሆነ የሥራ ቀን ነው፤ አትመኚው። እሁድ ጠዋት በአቅራቢያሽ ያለው የእሁድ ገበያ ሂጂ። ከአምራች ወይም ከማኅበራት የሚመጣው ሽንኩርትና እህል እዚያ የተሻለ ዋጋ አለው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሽንኩርቱ ይከተፍ፣ ቁሌቱ በበርበሬና በዘይት ተቁላልቶ ፍሪጅ ይግባ። ማክሰኞ ማታ የሚቀርሽ ዶሮው፣ ቅቤው፣ መከለሻውና እንቁላሉ ብቻ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ከባለቤትሽ ጋር ዛሬ ማታ ተቀመጡ። ነገ አትበይ። እስካሁን በጾሙ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልገዛችሁም፤ ከዚያ የተረፈው የት ገባ? ከእሱ ላይ ለተቸገረ የምትሰጡትን ስጡና የቀረውን በየሳምንቱ ለበዓሉ አስቀምጡ። እሱም ቢሆን በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። አባቱም በዋዜማ ሰጥተው፣ እናቱ ሌሊቱን ሠርተው፣ እሱ ጠዋት ተነሥቶ የተዘጋጀ ማዕድ ሲያገኝ ነው ያደገው። ሌሊቱን አላየውም።

ስለዚህ ይየው። ዶሮ ማረድ የወንድ ሥራ ነው ብለን ያደግን ሰዎች፣ አርዶ እጁን ታጥቦ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠውን ወንድ ለምን ዝም እንደምንለው አላውቅም። 12 ብልት ማውጣት ልምድ ይጠይቃል፣ እሺ። ሽንኩርት ለመላጥ ግን ምን ልምድ ያስፈልጋል? ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ለማጠብስ? የባልሽን እህቶችም በገና ጠዋት እንግዳ አድርገሽ ከምትጠብቂያቸው እሁድ ከሰዓት ጥሪያቸው። ቢላዋቸውን ይዘው ይምጡ። የሚከፋቸው አይመስለኝም፤ እነሱም በየቤታቸው ያው ሌሊት አለባቸው፣ በተራ ትሄጂላቸዋለሽ። ባለቤትሽ ይህን ጽሑፍ እንዲያነበው አሳዪው። አንቺም በገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የመቆም መብት አለሽ፣ ወንድሜ ይህን ልብ በል።

ከየካ አባዶ፦ ዋዜማ ማታ መብራት ሁልጊዜ ይጠፋብናል። እንጀራውን መቼ እንጋግር?

እሁድ ወይም ሰኞ ጋግሩ። ዋዜማ ማታ ብሎኩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ አይችልም፤ በየበዓሉ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲቀንሱ የሚጠየቁትም ለዚሁ ነው። የታኅሣሥ ብርድ እንጀራውን ያቆይላችኋል። ሊጡ ግን በዚሁ ብርድ ለመኩፋት ስለሚዘገይ አንድ ቀን አስቀድማችሁ አቡኩ።

አንዲት አዲስ ሙሽራ፦ ወጡ የሚሠራው ጾሙ ሳይፈታ ነው። ጨው መቅመስ ያስገድፋል?

የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ልማዱን ከፈለግሽ፣ እናቶቻችን ጨውን በልክ ለክተው ወጡን አሽትተው ያውቁታል፤ ያልቻለች ደግሞ ጾም ያልጀመረ ልጅ ጠርታ ታስቀምሳለች።

አንድ አባት፦ ልጄ የገና ዛፍ ካልተገዛ ብሎ አስቸገረኝ። ከጎረቤት ጫካ ጽድ ብቆርጥስ?

አይቁረጡ። የፕላስቲኩን ከዘመድ ይዋሱ፣ መብራቱንም ስትተኙ ንቀሉት። ለልጁ ደግሞ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይፈልጉለትና ሜዳ ወስደው ገና ያጫውቱት። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለውንም ያኔ ይንገሩት።

የመጨረሻው፦ ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት?

ሁለት ኪሎ አካባቢ። እንግዳ ከበዛ ሦስት።