ከመጋዘን የወጣው የት ገባ? ስለ ሳይት ቁሳቁስና ማሽን ቁጥጥር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቢን ካርድ (የመጋዘን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ መመዝገቢያ ካርድ) አለን፤ ገቢና ወጪው በየቀኑ ይመዘገባል። ሲሚንቶው ግን ሁልጊዜ ካሰብነው ቀድሞ ያልቃል። ምን ጎደለን?

መልስ፦ ቢን ካርድ ስንት ከረጢት እንደወጣ ይነግራችኋል፤ ምን እንደተሠራበት ግን አያውቅም። በየሳምንቱ የወጣውንና የተሠራበትን አስታርቁ። ለምሳሌ ሳምንቱ ሲጀመር 420 ከረጢት ነበረ፣ 300 ገባ፣ ሲቆጠር 185 ተገኘ፤ የወጣው 535 ነው ማለት ነው። በዚያው ሳምንት 68 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ድብልቁ ለሜትር ኩብ 7 ከረጢት የሚጠይቅ ከሆነ መውጣት የነበረበት 476 ነው። 59 ከረጢት መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ተሰርቋል ማለት ነው?

መልስ፦ ዘበኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሜትር ያዙ። 15 ሳንቲ ሜትር የተባለ ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) 16.5 ሆኖ ከተሞላ ያ ብቻውን 10 በመቶ ይበላል። ድጋፉ የላላ ካሳፎርማም (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ሲያብጥ እንደዚሁ ነው። ቀጥሎ በኮንክሪት ስም ወጥቶ ለልስን የዋለውን ፈልጉ። ወጪ ማዘዣው ላይ የሥራው ዓይነትና ቦታ (ለምሳሌ “2ኛ ፎቅ፣ ኮለን”፣ ማለትም ምሰሶ) ካልተጻፈ ይህን መለየት አይቻልም፤ “ለሥራ” ተብሎ የተሞላ ማዘዣ ባይኖር ይሻላል። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ልዩነቱ ካልተዘጋ ያኔ ስርቆትን ጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የፌሮ ብክነትስ?

መልስ፦ ሁለት በር አለው። አንደኛው ርክክቡ ነው፤ በቁጥር ብቻ አትረከቡ፣ መዝኑ። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። ባለ 12ቱ 0.89 ገደማ ስለሆነ 12 ሜትሩ 10.7 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት። ሁለተኛው መቁረጫው ነው። ከ12 ሜትር ፌሮ 3.5 ሜትር ስትቆርጡ ሦስት ይወጣና 1.5 ሜትር ይተርፋል፤ 12.5 በመቶ ቁራጭ ማለት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ 1.5 ሜትር የሚፈልግ ሥራ ካለ አብሮ ይቆረጥ፣ ትራፊው ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ የመቁረጫ ዝርዝሩ ለሕንፃው በሙሉ ወይም ቢያንስ ለፎቁ አንድ ላይ ይውጣ። ፌራዮው (ፌሮ ቆራጩ ሠራተኛ) በየቀኑ የተነገረውን ብቻ ከቆረጠ ቁራጭ ይከመራል።

ጥያቄ፦ ሲሚንቶ እንዴት ይቀመጥ?

መልስ፦ ከወለል በጣውላ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራረብ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ሦስት ወር ያለፈው ሳይፈተሽ ለኮለን አይዋል።

ጥያቄ፦ መቼ እንዘዝ?

መልስ፦ የቀን ፍጆታ በማድረሻ ቀናት ተባዝቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት። በቀን 40 ከረጢት፣ ማድረሻው 6 ቀን፣ መጠባበቂያው የ2 ቀን ከሆነ፣ ክምችቱ 320 ሲደርስ ትእዛዙ ይውጣ። 40 የሚለው ቁጥር በየሳምንቱ ይታደስ፤ የመሠረት ጊዜ ፍጆታ ለልስን ጊዜ አይሠራም።

ጥያቄ፦ የኤክስካቫተሩን ናፍጣ በሰዓት እንከታተላለን፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም ያታልላል። ሞተሩ ተነስቶ ማሽኑ ቆሞ ሲውል ሰዓት ቆጣሪው ይቆጥራል፣ የሚጠጣው ግን ትንሽ ስለሆነ ሊትር በሰዓት ያማረ ይመስላል። ከጎኑ ሊትር በተቆፈረ ሜትር ኩብ ጻፉ። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ፍሳሽ፣ የተደፈነ ፊልተር፣ የጠነከረ አፈር ወይም የተቀዳ ናፍጣ ፈልጉ። ሊትር በሜትር ኩብ ብቻ ከጨመረ ማሽኑ ገልባጭ መኪና እየጠበቀ ቆሟል፤ የሚስተካከለው የመኪናው ብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ እቅዱን እንቀይር?

መልስ፦ ምክንያቱ የሚታረም ከሆነ እቅዱ አይነካ፣ አሠራሩ ይታረም። የመጀመሪያው ግምት ስህተት ከነበረ ግን የቀረውን ሥራ በትክክለኛው ፍጆታ እንደገና አስሉና የለውጥ ጥያቄ አስጸድቁ። ሳይጸድቅ ቁጥሩን ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁ በሚቀጥለው ሳምንት የምታመሳክሩበት መነሻ አይኖራችሁም።