«ባለቤቴ የሚያመሸው ከፈረሶቹ ጋር ነው»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጦ በሰገሌ ጦርነት የተዋጉትን የንጉሥ ሚካኤልን ፈረሰኞች በትንንሽ ሞዴል ይሠራል። የስድስት ዓመቱ ልጃችን የአንዱን ፈረስ እግር ሰበረበትና ባለቤቴ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ኩርፊያ ነው። ሞዴሉን ሁሉ አውጥቼ ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣይው። ከጣልሽው ጠቡ ስለ ፈረስ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንቺ ይሆናል። ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ግን አለበት፤ ይህን ልጁ ከተኛ በኋላ ሳትቆጪ ንገሪው።

ወደ ምሽቱ ስንመጣ፣ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምሽም። ጋማና ጅራት የሚቀረጽበት ኢፖክሲ ፑቲ (ሲለወስ እንደ ሊጥ ሆኖ ኋላ የሚጠጥር ነገር) አንዴ ከተለወሰ እስኪጠጥር ያለው ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያን ማታ ብትጠሪው ይነጫነጫል። ዳማው ፈረስ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ለቀናት አይነካም። ስለዚህ «ዛሬ ምን ላይ ደረስክ?» በይው። የፑቲው ማታ የእሱ፣ ቀለሙ የሚደርቅበት ማታ የቤቱ ይሁን። ቀለሙ እየደረቀም ሌላ ፈረስ ከጀመረ፣ ምናልባት ከቤት እየሸሸ ነውና መነጋገር ያለባችሁ ስለዚያ ነው።

ኩርፊያውን ለመስበር ቡና ላይ አንድ ነገር ጠይቂው፦ «እርካቡን በአውራ ጣቱ ነው ያስያዝከው ወይስ በሙሉ እግሩ?» የድሮ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው እርካቡን በጣት ይቆነጥጡ ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው ከአቦል እስከ በረካ ያወራልሻል።

የተሰበረውን እግር አባትና ልጅ አብረው ይጠግኑት። በ1 ለ 32 መጠን 1.30 ሜትር የሚቆም ፈረስ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እግሩ ቀጭን ስለሆነ ስብራቱን በሱፐር ግሉ ብቻ ቢያጋጥመው መልሶ ይለቃል። ሁለቱንም ስባሪ በ0.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስቶ የመዳብ ሽቦ ያስገባበት፤ ሽቦው በሰኮናው በኩል ወጥቶ ፈረሱ የሚቆምበት መደብ ውስጥ ይተከል። መብሳቱና ማጣበቁ የአባት ነው። ልጁ የመደቡን መሬት ይሥራ፦ አሸዋ በወንፊት ነፍቶ፣ እኩል ውኃ በገባበት የእንጨት ኮላ ላይ ይነስንስ። ቢበላሽበትም ሳይደርቅ በውኃ ይታጠባል።

አንድ ነገር ላይ ግን አትደራደሪ፦ ቲነርና የሚረጭ ቀለም ልጅ በሚተኛበት ወይም በሚጫወትበት ክፍል አይከፈት። በረንዳ ካላችሁ እዚያ ያድርገው፤ ጠርሙሱም ልጁ የማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይደር።