ገንዘቡ ሳያልቅ ቢሮው ለምን ይዘጋል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ በኮንትራክተር ሥር እሠራለሁ። በ2025ቱ ሸትዳውን፣ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የመንግሥት ቢሮዎች ሲዘጉ ማለቴ ነው፣ ስድስት ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ። እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራው የአክስቴ ልጅም እንደኔው ቤቱ ተቀምጦ ነበር። እሱ ግን ሲመለስ የከረመበት ደሞዙ ሙሉውን ተከፈለው። እኔ ምንም። አለቃዬን ብጠይቀው «መንግሥት ካልከፈለኝ እኔ ከየት ላምጣልሽ?» አለኝ። ለመሆኑ አሜሪካን የሚያክል አገር ገንዘብ አጥቶ ነው? ፕሬዚዳንቱስ ክፈቱ ብሎ ማዘዝ አይችልም?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና ልጀምር። ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ያለቀው ፈቃዱ ነው።

ዕድር ካለሽ ነገሩ ቶሎ ይገባሻል። የዕድሩ ብር ባንክ አለ። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ካልፈረሙ ግን ሳንቲም አይወጣም። ሦስቱ ከተኳረፉ፣ ሂሳቡ ውስጥ ያ ሁሉ ብር ተቀምጦ ለቀስተኛው ድንኳን ሊያጣ ነው። የአሜሪካም ነገር ይኸው ነው። ሕገ መንግሥታቸው፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከግምጃ ቤት ገንዘብ አይወጣም ይላል። ሕጉን የተወካዮች ምክር ቤትም ሴኔትም ማጽደቅ አለባቸው፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ እሱን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ድምፅ ደግሞ ባሁኑ ጊዜ አንድ ፓርቲ ብቻውን አያገኝም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ክፈቱ ቢል ዋጋ የለውም። ሦስተኛው ፈራሚ ነው እንጂ የሣጥኑ ባለቤት አይደለም።

የበጀት ዓመታቸው የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። እስከዚያ 12 የበጀት ሕጎች ማለቅ አለባቸው። ያልቃሉ? ዛሬ የሚሠሩበት የበጀት ሥርዓት ከወጣበት ከ1974 ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሁሉንም በቀኑ የጨረሱት 4 ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ጊዜያዊ በጀት እያወጡ ቀን ይገፋሉ፣ የሱቅ ዱቤ እንደሚያስረዝም ሰው። ዱቤው አልረዝም ያለ ቀን ሸትዳውን ይመጣል።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በጀት ቢዘገይም፣ መጽደቁ አይቀርም እየተባለ ቢሮዎቹ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በ1980 የፕሬዚዳንት ካርተር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ አንድ የቆየ ሕግ አገላብጦ፣ በጀት የሌለው መሥሪያ ቤት ሥራ ማቆም አለበት ሲል አስተያየት ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ በ1981 ደግሞ፣ የሰው ሕይወትና ንብረት የሚጠብቁት ይሥሩ ብሎ አላላው። ለዚህ ነው አውሮፕላን ተቆጣጣሪውና የኤርፖርት ፈታሹ ያለ ደሞዝ ሥራ የሚገቡት፣ የአክስትሽ ልጅ ደግሞ ቤቱ የሚቀመጠው። ያንቺን ስድስት ሳምንት የበላው፣ ከሥሩ ካየነው፣ ይህ ወረቀት ነው።

ታዲያ ለምን አይስማሙም? ሁለቱም ወገን፣ ሕዝቡ የሚረግመው ያንኛውን ነው ብሎ ስለሚያሰላ ነው። የኔ እምነት ይህ ነው። የ1995ቱን ልንገርሽ፣ እሱን ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል። ሪፐብሊካኖች በ1994ቱ ምርጫ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ነበር። በጀቱ በ7 ዓመት ውስጥ ይመጣጠን፣ የአረጋውያኑ ሕክምና፣ ሜዲኬር የሚሉት፣ ወጪው እንዲህ አይሩጥ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ክሊንተን እምቢ አለ። በዚህ መሀል የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሃቅ ራቢን ተገደሉና፣ ክሊንተንና አፈ ጉባኤው ኒውት ጊንግሪች በአንድ አውሮፕላን ኢየሩሳሌም ለቀብር ሄደው ተመለሱ። ቢሮዎቹ በተዘጉ ማግስት ጊንግሪች ጋዜጠኞች ፊት ቁጭ ብሎ፣ ያን ሁሉ ሰዓት አብረን ስንበር ፕሬዚዳንቱ ስለ በጀቱ አላናገረኝም፣ ስንደርስም በኋላ በር አስወረዱኝ፣ የጊዜያዊ በጀቱን ረቂቅ ያጠነከርኩትም በከፊል ለዚህ ነው አለ! ሠርግ ላይ ከኋላ አስቀመጡኝ ብሎ ዓመት የሚያኮርፍ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የኒውዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ዳይፐር የታጠቀ አልቃሻ ሕፃን አድርጎ ስሎ የፊት ገጹ ላይ አወጣው። መጀመሪያ 5 ቀን፣ ቀጥሎ 21 ቀን ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት ምርጫውን ያሸነፈው ክሊንተን ነው።

በ2013 ሪፐብሊካኖች ኦባማኬር፣ የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ሕግ፣ ይቅር ብለው ሁለት ሳምንት አዘጉ። አልቀረም። በ2018 መጨረሻ ደግሞ ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ። ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት፣ ለድንበሩ ስል መንግሥት ብዘጋ እኮራለሁ ብሎ ነበርና ጥፋቱን ሌላው ላይ ማላከክ ከበደው። 35 ቀን ቆየ። ያቆመውም ክርክር አይመስለኝም፤ ደሞዝ ያላዩ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎች ሥራ እየቀሩ የኒውዮርኩ ላጓርዲያ ኤርፖርት በረራ ለጊዜው የቆመው፣ ትራምፕም እንክፈት ያለው በአንድ ቀን ነው፣ ጃንዋሪ 25፣ 2019። ፈረመ፣ የግንቡ ገንዘብ ግን አልነበረበትም።

አንቺን የጎዳሽ የ2025ቱ ደግሞ 43 ቀን የፈጀ ነው፣ እስከዚያ ከታዩት ሁሉ ረጅሙ። ይሄኛው ፕሬዚዳንቱም፣ ሁለቱም ምክር ቤቶችም በአንድ ፓርቲ እጅ እያሉ የመጣ ነው። ግን ሴኔት ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ ወደ ድምፅ እንዲቀርብ 60 ሰው ያስፈልጋል፣ ሪፐብሊካኖቹ 53 ነበሩ። ዴሞክራቶቹ የኦባማኬር ድጎማ ካልተራዘመ አንሰጥም አሉ። በመጨረሻ ከነሱ ወገን ስምንት ሴናተሮች ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ድምፅ ሰጡ፣ ኖቬምበር 12 ተፈረመ፣ ድጎማው ግን አልገባበትም። አየሽ፣ በር ያዘጋው ወገን ብዙ ጊዜ የመጣበትን ሳይዝ ነው የሚመለሰው። ይህን እያወቁ ደግመው መዝጋታቸው ነው እኔን የሚገርመኝ።

ወደ ደሞዝሽ እንምጣ። በ2019 የወጣ ሕግ፣ ሸትዳውን ሲያልቅ ለመንግሥት ሠራተኛ የከረመው ደሞዝ ይከፈለው ይላል። የአክስትሽ ልጅ የመንግሥት ቅጥር ነው፣ አንቺ የኩባንያ ነሽ። ሕጉ ያንቺን ዓይነቱን አይጨምርም። ለኮንትራክተር ሠራተኞችም ይከፈል የሚል ረቂቅ ኮንግረስ (ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ላይ) ውስጥ ደጋግሞ ቀርቧል፣ አላለፈም። አለቃሽ በሕግ አላጭበረበረሽም ማለት ነው፣ ቢያናድድም።

ለሌላ ጊዜ የሚሆንሽ ግን አንድ ነገር አለ። ሥራ አጥነት ክፍያ፣ አንምፕሎይመንት የምትሉት፣ ለአንቺ ዓይነቷ ክፍት ነው። የምትኖሪው ሜሪላንድ ቢሆንም የሠራሽው ዲሲ፣ ዋሽንግተን ማለት፣ ነውና የምታመለክቺው ለዲሲ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ሳምንት ያጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አስገቢው፣ ነገ ይከፈታል እያልሽ አትጠብቂ። የአክስትሽ ልጅ ግን ቢወስድ፣ ደሞዙ ሲመጣ መመለስ አለበት።

ጥያቄ፦ ፓርላማው እምቢ ካለ ፕሬዚዳንቱ በትኖት ምርጫ ለምን አይጠራም? ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ ሥልጣኑ የለውም። እሱን ለ4 ዓመት፣ ተወካዮቹን ለ2 ዓመት፣ ሴናተሮቹን ለ6 ዓመት ሕዝቡ ለየብቻ ነው የሚመርጣቸው፣ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቶቹን መበተን አይችልም። እኛ ጋ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጣው ከምክር ቤቱ አብላጫ ነው። ሰኔ ላይ በጀቱን የሚያቀርበውም የሚያጸድቀውም አንድ ወገን ስለሆነ ሐምሌ 1 ሳይደርስ እጅ ወጥቶ ያልቃል። እዚያ ጭቅጭቁ በዛ፣ እዚህ ደግሞ ጠፋ። የቱ ይሻላል ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ፣ ገጹ አይበቃኝም።

ጥያቄ፦ የኮንግረስ አባላቱ ራሳቸው ያኔ ደሞዝ ያገኛሉ?

መልስ፦ ያገኛሉ። የነሱ ደሞዝ በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፣ በቋሚ ሕግ የተፈቀደ ነው። አንዳንዶቹ ሰው እንዳይታዘባቸው፣ ሸትዳውኑ እስኪያልቅ ደሞዜ ይያዝልኝ ብለው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ይያዝላቸዋል። ሲከፈት ይሰጣቸዋል።